መተማ በጽሑፋችን ውስጥ፤ ስለ ሞትና ስለ ተስፋ

የአገራችን ሰው «ዞሮ ዞሮ ከቤት፥ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ይላል። ይህ ምሳሌ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ሰው በመጨረሻው ወደ አፈር እንደሚመለስ ይነግረናል እንጂ፥ እስኪመለስ ድረስ ለምን እንደሚኖር፥ ከተመለሰም በኋላ ምን ተስፋ እንዳለው አይነግረንም። የቀረውን ግማሽ ለመፈጸም በአገራችን ብዙ ዘመን ሲያስተምሩ ከኖሩት አንዱ የክርስትና ሃይማኖት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሞት ፍጻሜ ሳይሆን መሻገሪያ መሆኑን፥ የሰውም ኑሮ ዋጋ የሚያገኘው ከዚህ ተስፋ አንጻር ሲታይ መሆኑን በቅዳሴዋም በፍትሐቷም ስትናገር ኖራለች።

የሥነ ጽሑፍ ሥራ ግን ከዚህ ትንሽ ይለያል። ሰባኪ ትንሣኤ ሙታን እንዳለ ቢያስተምር ሥራውን ፈጽሟል። ደራሲና ታሪክ ጸሐፊ ግን ይህን ያመነ ሰው በጭንቅ ቀን ምን እንዳደረገ፥ ከማን ጋር ለመታረቅ እንደ ሞከረ፥ ምንን እንደ ተናዘዘ፥ በምንስ እንደ ተሳሳተ ማሳየት ይገባቸዋል። ተስፋ በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ በሰው ሥራ ላይ ሲታይ ግን ይመዘናል።

ለዚህ ዓይነት ምዘና ከመተማ የተሻለ ስፍራ በታሪካችን ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያ ቆላ ስለ አገራቸውና ስለ ሃይማኖታቸው ሲዋጉ ወድቀዋልና፥ ስለ እርሳቸው የተነገረውና የተጻፈው ሁሉ፥ ተናጋሪው ቢያስበውም ባያስበውም፥ ስለ ሞትና ከሞት በኋላ ስላለው ተስፋ የተነገረ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ ስለ መተማ የተነገረው ቃል ንጉሡ እንዴት እንደ ሞቱ በሚገባ ነግሮናል፤ የክርስቲያን ተስፋ ይልቁን ጎልቶ የሚታየው ግን ከሞታቸው በፊት ባደረጉት ነገር ላይ ሲሆን፥ ይህ ክፍል ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

አስቀድሞ ነገሩን ከሥሩ ማስታወስ ይጠቅማል። መተማ በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን ላይ ያለች የቆላ ገበያ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከደጋው የሚወርደው ቡና፥ ሰምና ሌላውም ሸቀጥ፥ የሚያሳዝነውም የባሪያ ንግድ ጭምር፥ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር። ከምዕራብ የመጡ ተክሩር የሚባሉ እስላሞችም በስፍራው ሰፍረው ይኖሩ ነበር። በግንቦት 1876 ዓ. ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከአድሚራል ሂዌት ጋር በዐድዋ በተዋዋሉት ውል መሠረት፥ በማህዲስቶች የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ረዱ። እንግሊዞች ጦሩን ካወጡ በኋላ ነገሩን ሲተዉት፥ የማህዲስቶቹ ጠላትነት ለኢትዮጵያ ቀረ። በጥር 1879 ዓ. ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወግተው አቃጠሉ። በዓመቱ በጥር 1880 ዓ. ም. ሐምዳን አቡ አንጃ በፋንታው ደምቢያ ገብቶ፥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር በሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ፥ ጎንደርን አቃጠለ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አነደደ፤ ብዙ ሴቶችና ሕፃናትም ተማርከው ወደ ሱዳን ተወሰዱ።

በመጨረሻ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ. ም. ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ጦራቸውን አሰልፈው መተማን ገጠሙ። የኢትዮጵያ ጦር የእሾህ ቅጥሩን ጥሶ ወደ ድል በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ ወሬው በተሰማ ጊዜም ድሉ ተፈታ። ንጉሡ በማግሥቱ ዐረፉ። ሬሳቸውን ይዞ ወደ ደጋው የሚመለሰው ጓድ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ተደረሰበት፤ አጎታቸው ራስ አርአያ ሬሳውን ሲጠብቁ ወደቁ፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ዛሬ በወሰኑ ላይ ያለችው ከተማ «መተማ ዮሐንስ» ተብላ ትጠራለች። ሰውየው መቃብር ያጣበት ምድር ስሙን ይዞ ቀረ።

ይህ ነገር በሦስት ዓይነት አንደበት ሲነገር ኖሯል። አንደኛው የአልቃሽ አንደበት ነው። ሙሾ የሚያለቅሰው ለሬሳ ነው። የአገራችን ልቅሶ ደረት እየመታ የሟቹን ፈረስ፥ ጋሻና ጠመንጃ አሰልፎ፥ የጎደለውን ሰው በዕቃው እንዲታይ ያደርጋል። ሬሳ የሌለበት ልቅሶ ደግሞ ከሁሉ የመረረ ነው። ስለዚህ የመተማ ልቅሶ ዋና ኀዘኑ የንጉሡ መሞት ብቻ አይደለም፤ ራሳቸው ከአካላቸው ተለይቶ በባዕድ ከተማ መታየቱ ነው። የአልቃሽ ብርታት ይህ ነው፤ ሐዘኑን አይሸሽም፤ «ለበጎ ነው» ብሎ ለማጽናናት አይቸኩልም። ጉድለቱ ግን ሐዘኑ በሬሳው ላይ ቆሞ መቅረቱ ነው። ከዚያ አልፎ የሚናገረው ነገር ቢኖር ደም መመለስ ነው። ደም መመለስ ደግሞ የክርስቲያን ተስፋ አይደለም።

ሁለተኛው የታሪክ ጸሐፊ አንደበት ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት፥ በ1959 ዓ. ም. በአማርኛ በታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ውስጥ የታሪኩ ማእከል ምኒልክ ናቸውና፥ የመተማ ሞት የዙፋን መተላለፊያ በር ይሆናል። ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ደግሞ በ1982 ዓ. ም. ለአንባቢ ያቀረቡት መጽሐፍ «ዐፄ ዮሐንስና የኢትዮጵያ አንድነት» የሚል ርእስ እንዳለው ሁሉ፥ የንጉሡን ሥራ በአንድነት ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ ሁሉ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን ዙፋንና አንድነት ከመቃብር ወዲህ ያሉ ነገሮች ናቸው። ሟቹ በነፍሱ ምን ተስፋ እንዳደረገ ከታሪክ መጽሐፍ ብቻ መጠበቅ አይገባንም።

ሦስተኛው የሰባኪ አንደበት ነው። ይህ አንደበት ንጉሡ ስለ ሃይማኖታቸው ደማቸውን ስላፈሰሱ የሰማዕትነትን አክሊል ተቀዳጁ ይላል። ከሦስቱ ውስጥ ከመቃብር ወዲያ ያለውን የሚናገረው እርሱ ነው፤ ስለዚህም ይልቁን በጥንቃቄ ልንመረምረው ይገባል። ይህ አነጋገር በራሱ ብቻ ሲቆም አንድ ችግር ያመጣል። በመተማ ቅጥር ውስጥ ሆኖ ይዋጋ የነበረው የማህዲስት ወታደርም ስለ እምነቱ ሲሞት ገነት እንደምትከፈትለት ያምን ነበር። በቅጥሩ ውጭም በቅጥሩ ውስጥም ሰዎች በአንድ ቀን በተስፋ ሞቱ። እንግዲህ ስለ እምነት መሞት ብቻውን የአንዱን ተስፋ ከሌላው የሚለይ ምልክት ሊሆን አይችልም። የክርስቲያንን ተስፋ በራሱ ሚዛን መመዘን የሚፈልግ ሰው ሌላ ምልክት መፈለግ አለበት። ወንጌልም ይህን ምልክት አይሰውርም፤ ሰው መባውን በመሠዊያው ላይ ከማቅረቡ በፊት ሄዶ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ፥ ጠላቱንም እንዲወድ ያዝዛል።

በዚህ ምልክት ስንፈልግ በመተማ ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር እናገኛለን። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በፊት፥ በታኅሣሥ 1881 ዓ. ም.፥ ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። የደብዳቤው መንፈስ ሁለቱ ሕዝቦች እርስ በርስ መተላለቃቸው እንደማይጠቅም፥ ለሁለቱም የሚያሰጋቸው ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው አውሮፓዊ መሆኑን፥ ስለዚህም ታርቀው በአንድነት ቢቆሙ እንደሚሻል የሚገልጽ ነበር። ይህን የጻፉት ሰው ጎንደር ከተቃጠለች ገና ዓመት ያልሞላቸው፥ የተማረኩት ሴቶችና ሕፃናት ልቅሶ በጆሯቸው ያለ ሰው ናቸው። በሰሜን ኢጣልያኖች ከ1877 ዓ. ም. ጀምሮ ምጽዋን ይዘዋል፤ በደቡብ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር መተማመን ጠፍቷል። አቡ አንጃ ለሰላሙ ቃል የመለሰው መልስ ስድብና «እስላም ሁን» የሚል ጥሪ ነበር። እርሱም ጦርነቱ ሳይደርስ ታሞ ሞተና፥ ጦሩን ዘኪ ጡማል ተረከበ።

ስለ መተማ የሚነገረው ቃል በዚህ ደብዳቤ ላይ ብዙ ጊዜ የማይቆመው ለምንድን ነው? የታሪክ መጻሕፍት ይጠቅሱታል፤ ነገር ግን በልቅሶው፥ በስብከቱና በበዓል ቀን ንግግር ውስጥ ጎልቶ አይሰማም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የሰማዕትን ምስል የሚስል ሰው ሰማዕቱ ለጠላቱ የሰላም ቃል ሲልክ ማየት ያሳፍረዋል፤ ፍርሃት ይመስልብኛል ብሎ ይሠጋል። እውነቱ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሞትን የሚፈራ ሰው ዕርቅ ሲጠይቅ ነፍሱን ለማትረፍ ነው። ንጉሡ ግን ዕርቁ ሲናቅ ወደ ሞት መሄዳቸው፥ ሰላሙን የጠየቁት ሞትን ፈርተው እንዳልነበረ ያስረዳል። ከመቃብር ወዲያ ተስፋ ያለው ሰው ክብሩ በዚህ ዓለም ብቻ አልተወሰነምና፥ «ተዋረደ» እንዳይባል ብሎ የሰውን ደም በከንቱ አያፈስም። የመተማ ተስፋ ከሁሉ ይበልጥ የታየው በመጋቢቱ ጥይት ላይ ሳይሆን በታኅሣሡ ወረቀት ላይ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ይህን ስንል ግን ሌላውን ገጽ መገልበጥ የለብንም። ዐፄ ዮሐንስ በግንቦት 1870 ዓ. ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ አዘዋል። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ጥምቀቱን እምቢ ያሉት አንዳንዶቹ ሸፈቱ፤ አንዳንዶቹም ወደ ሱዳን ተሰደዱ። የዘላለም ሕይወት ተስፋ በአዋጅ ሲታዘዝ፥ ከተስፋነቱ ወርዶ የመንግሥት ግብር ይሆናል። ለአቡ አንጃ የጻፉት እጅና በቦሩ ሜዳ ያዘዙት እጅ አንድ እጅ ነው። ንጉሡን ቅዱስ ብቻ አድርጎ የሚስል ደራሲ የኋለኛውን ይሰውራል፤ አሳዳጅ ብቻ አድርጎ የሚስል ደግሞ የፊተኛውን ይሰውራል። ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ የደፈረ ደራሲ ብቻ ሰውን ያሳየናል።

ለዚህ ድፍረት አርአያ የሚሆነን አንድ ጸሐፊ አለን። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዐድዋ አጠገብ የተወለደ ሲሆን፥ አባቱ ከዐፄ ዮሐንስ ጦር ጋር በመተማ ሞተዋል። ስለዚህ መተማ ለእርሱ የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አልነበረችም፤ የድኻ አደግነቱ መነሻ ነበረች። ልጁ አድጎ አውሮፓ ተምሮ ተመለሰ፤ በ1912 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአስመራ በታተመው «ብርሃን ይሁን» በተባለው መድበል ውስጥ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘውን ጽሑፉን አወጣ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የዐፄ ዮሐንስን አገር ወዳድነት ሲያከብር፥ በሃይማኖት ነገር የተጠቀሙበትን የኃይል መንገድ ግን ይነቅፋል።

ይህን ነቀፋ የጻፈው ማን እንደ ሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አባቱ የሞተለትን ንጉሥ አንድ ልጅ ሲነቅፍ፥ የአባቱን ሞት ከንቱ ያደርገዋል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። እኔ ግን ተቃራኒው ይመስለኛል። ለሟች የሚደረግ ታላቁ ክብር፥ የሞተለትን ነገር በእውነት መመርመር ነው። የአባቱ ሞት ትርጉም እንዲኖረው ከተፈለገ፥ የሞተላት አገር ለልጆቿ ሁሉ፥ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም፥ እናት መሆን አለባት። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ. ም. በዕድሜው ጎልማሳ ሳለ ዐረፈ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ዋና መጽሐፉም ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ. ም. ታተመ። ልቅሶው በሬሳው ላይ ሲቆም፥ የእርሱ ብዕር ግን ከሬሳው ወደ ሕያዋኑ ተሻገረ።

የንጉሡ የመጨረሻ ሰዓትም እንደዚሁ እንደገና መነበብ ይገባዋል። ታሪክ እንደሚለው ዐፄ ዮሐንስ ቆስለው በተኙበት፥ እስከዚያ ድረስ የወንድማቸው ልጅ ይባሉ የነበሩትን መንገሻን የራሴ ልጅ ናቸው ብለው፥ ወራሽም አደረጓቸው። ይህ ነገር ሁልጊዜ የሚነበበው በፖለቲካ ዓይን ነው፤ ምኒልክን ለመከላከል የተደረገ ነው ይባላል። ምናልባት ይህም ይሆናል። ነገር ግን ሞት በደጅ የቆመበት፥ ንስሓ ያደገው ክርስቲያን በዚያ ሰዓት የተሰወረውን ነገር መግለጡ ሌላም ትርጉም አለው። በሃይማኖቱ መሠረት ሰው ወደ ፈጣሪው ፊት ሲቀርብ መሸፈኛ የለውምና፥ ዙፋን ያሰወረውን እውነት ሞት ይገልጠዋል። ፖለቲካውን አምኖ ንስሓውን የሚጥል አንባቢ የዚያን ሰው ግማሽ ብቻ ያነብባል።

እንግዲህ መቃብር ያጣው ሬሳ ይቀረናል። ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን በወገኖቹ እጅ መገነዝ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መቀበር፥ ፍትሐት እንዲደርስለት፥ በአርባ ቀኑና በሰማንያ ቀኑም እንዲታሰብ ይመኛል። መጽሐፈ ግንዘት የሚባለው የጸሎት መጽሐፍ የተሰናዳው ለዚህ ነው። ጥልቅ የሆነው ነገር ግን የጸሎቱ ተስፋ በሬሳው መገኘት ያልተወሰነ መሆኑ ነው። በባሕር የሰጠመ፥ በአውሬ የተበላ፥ በጦር ሜዳ የቀረም ስሙ ተጠርቶ ይጸለይለታል። ራሱ የተቆረጠ ንጉሥና በዚያው ቀን ስሙ ሳይመዘገብ የወደቀ ጭፍራ በዚህ ጸሎት እኩል ናቸው። አልቃሽ ይህን አልነገረችንም፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊም ለስም የለሹ ቦታ አልነበረውም። እኔ የመተማን ታሪክ የሚጽፍ የወደፊት ደራሲ ከዚህ ከግንዘቱ ጸሎት ቢማር እወድዳለሁ፤ ጸሎቱ ሟቹን በማዕረጉ አይለይምና።

ደግሞም የሚያስደንቀው፥ የፍትሐቱ ጢስ ራሱ ከዚያው ቆላ የሚመጣ መሆኑ ነው። በመተማና በቋራ በረሓ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። በበጋ ግንዱ በስለት ይፋቃል፤ ከቁስሉ የሚንጠባጠበው ሙጫ ሲደርቅ ተለቅሞ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ከዚያም በጥና ላይ ሆኖ ለሕያውም ለሙትም ይታጠናል። ባለቅኔ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ነገር ግን ዛፉ ያለ ዕረፍት ቢፋቅ ይደርቃል። የሕዝብም ነገር እንዲህ ነው፤ መሥዋዕትነትን ብቻ እያወደሰ ማረፍን፥ መፈወስንና ማደግን የማያስተምር ሥነ ጽሑፍ ሕዝቡን እንደ ደረቀ የዕጣን ዛፍ ያደርገዋል።

በዚሁ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የማኅበረ ሥላሴ ገዳም አለ። በዙሪያው ያለው ደን በመነኮሳቱ ጥበቃ ተርፎ ቆይቷል። መነኩሴ ሲመነኩስ ጸሎተ ፍትሐት ይደርስለታል፤ ለዓለም ሞቷል ማለት ነው። ከዚያም ሞተ የተባለው ሰው ተነሥቶ ያርሳል፥ ውኃ ይቀዳል፥ እንግዳ ይቀበላል፥ ዛፍ ይጠብቃል። እንግዲህ በአንድ ቆላ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሞት አለን፤ አንዱ በአንድ ቀን በጥይት የተፈጸመ፥ ሁለተኛው በዕድሜ ልክ በሥራና በጸሎት የሚፈጸም። ስለ ፊተኛው ብዙ ተብሏል፤ የኋለኛው ግን ገና ደራሲውን ይጠብቃል። የኑሮ ዓላማ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት ግን የኋለኛው ሞት ይበልጥ የሚያስተምረው ይመስለኛል። ሁሉ ሰው በጦር ሜዳ አይሞትም፤ ሁሉ ሰው ግን ስለ ሌላው ብሎ ከራሱ ፈቃድ ጥቂት ጥቂት መሞት ይችላል።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ይህን ጉዳይ ከቶ አላወቀውም ማለቴ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ. ም. ባሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» ውስጥ የሰውን ጠባይና አኗኗር በምሳሌ አቅርበው፥ ሕይወት መድረሻ ያለው ጉዞ መሆኑን አሳይተዋል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በ1958 ዓ. ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውን በዛብህን ተከትለው፥ ሃይማኖትን እናውቃለን የሚሉት ሰዎች ፍትሕን ሲረሱ ምን እንደሚሆን በግልጽ አሳይተዋል። የመጀመሪያው የኑሮን መንገድ፥ ሁለተኛው የኑሮን ግፍ ያሳያሉ። በመተማ ላይ ግን በእነዚህ ሁለት መጻሕፍት ዓይን፥ መንገዱንም ግፉንም አይቶ የሚጽፍ ብዕር እስካሁን የሚበቃንን ያህል አልተገኘም።

ጉዳዩ የአለፈ ዘመን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተነገረ ነበር። መተማ ዛሬም ሰው የሚሞትባት ቆላ ናት። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከጎንደር፥ ከጎጃምና ከሌላውም ደጋ ብዙ ወጣቶች ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ይወርዳሉ። በሜዳ ያድራሉ፤ ወባና ካላዛር የሚባለው በሽታ ይይዛቸዋል። ካላዛር ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ሲሆን፥ የሚያስተላልፈው ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች አንዳንዱ ከእናቱ ቤተ ክርስቲያን ርቆ፥ ስሙን በማያውቁ ሰዎች እጅ ይቀበራል። ከሚያዝያ 2015 ዓ. ም. ወዲህ ደግሞ በሱዳን ጦርነት ስለ ተነሣ፥ ብዙ ሕዝብ ነፍሱን ለማዳን በዚሁ በመተማ በር ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። በ1881 ዓ. ም. ጦር የተሰለፈበት ወሰን በእኛ ዘመን የስደተኛ መግቢያ ሆነ። ይህን የተመለከተ ሰው የታኅሣሡ ደብዳቤ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች የተናገረው ቃል እንዳላረጀ ይገነዘባል።

በዚህ በር የገባውን ስደተኛ የሚያበላ፥ የቀን ሠራተኛውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ፥ ስም የለሹንም በወግ የሚቀብር ክርስቲያን፥ ስለ ትንሣኤ ያለውን እምነት ከማንኛውም ሰባኪ ይልቅ አስረድቷል። እንዲህ ያለው ሰው ሲሞት ስለ እርሱ የሚባለው ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ምስክር ይሆነዋል።

ስለዚህ ስለ መተማ ለመጻፍ ብዕር የሚያነሡ ወጣቶች ሦስት ነገር እንዲያስቡ እንመክራለን። አንደኛ፥ ንጉሡ የሞቱበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰላም የለመኑበትንም ቀን ይጻፉ። ሁለተኛ፥ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መቃጠል ሲያለቅሱ፥ የመተማን መቃጠልና የቦሩ ሜዳን አዋጅ አይሰውሩ፤ ተስፋ በውሸት ላይ አይቆምምና። ሦስተኛ፥ ከንጉሡ ጋር የወደቁትን ስም የለሾች፥ የተማረኩትን ሴቶች፥ ያለ አባት ያደጉትን ልጆች ያስታውሱ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ክብሩን ለመቀነስ አይደለም። ሰው ሆነው በሳቱበትም በታረሙበትም መንገድ ወደ አምላካቸው የሄዱ ንጉሥ፥ እንከን የሌለበት ምስል ሆነው ከሚቆሙት ንጉሥ ይልቅ ለአንባቢ ቅርብ ናቸው፤ ተስፋቸውም ለእርሱ ይደርሰዋል።

መምህራንም በየትምህርት ቤቱ የመተማን ታሪክ ሲያስተምሩ ተማሪዎቻቸውን «ዐፄ ዮሐንስ እንዴት ሞቱ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ። «ሞትን የማይፈራ ሰው ስለ ምን ሰላምን ለመነ?» ብለውም ይጠይቁ። ልጆቹ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ የታሪክ መልስ ብቻ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ኑሮ የሚያገኘው ዓላማ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።